ጀምስ ብሩስና ሁለቱ ወንዞች

ጀምስ ብሩስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1730 ዓ.ም. በስኮትላንድ አገር ከባለርስት ቤተሰብ ተወለደ። በወጣትነቱ ሕግ እንዲማር ቢደረግም ልቡ ወደ ትምህርቱ አላዘነበለም። ኋላ በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ተሾመ፤ በዚያም ሳለ ዐረብኛን አጠና። ከዚያ ወዲህ ከጥንት ጀምሮ ሊቃውንትን ሲያከራክር የኖረ ጥያቄ አሳቡን ገዛው። ግብፅን የሚያጠጣው ወንዝ ከየት ይነሣል? ዝናብ በማይዘንብበት አገርስ ስለ ምን በየዓመቱ ሞልቶ ይፈሳል?

ብሩስ መልሱን ለመፈለግ በ1769 ምጽዋ ደረሰ፤ በማግሥቱም ዓመት ጎንደር ገባ። ዘመኑ ዳግማዊ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት በዙፋን፣ ራስ ሚካኤል ስሑል በሥልጣን ላይ የነበሩበት፣ መሳፍንቱም እርስ በርስ የሚዋጉበት ነበር። ብሩስ የፈንጣጣ ሕመምተኞችን በማከሙ በቤተ መንግሥቱ ሞገስ አገኘ። ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ጎጃም ውስጥ ግሽ ዓባይ ደርሶ ምንጩን ተመለከተ፤ የስፍራውንም አቀማመጥ በመሣሪያ ለካ።

በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ተነሥቶ በስናር በኩል ወደ አገሩ ጉዞ ጀመረ። በ1772 ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ ከሚገናኙበት ስፍራ ደረሰ። የዛሬዋ ካርቱም ገና አልነበረችም፤ የተቆረቆረችው በ1821 ነው። ብሩስ በዚያ ስፍራ ነጭ ዓባይ ጥልቅ፣ ዝግ ብሎ የሚሄድና በበጋም የማይጎድል ወንዝ መሆኑን አስተዋለ። ምክንያቱም ከሚነሣበት አገር ዝናብ ስለማይቋረጥ እንደ ሆነ ገመተ። ጥቁር ዓባይ ግን በክረምት ይሞላል፤ በበጋ ይጎድላል። ነጭ ዓባይ እንደሚበልጥ በዓይኑ ቢያይም፣ የዋናውን ወንዝ ምንጭ አገኘሁ ማለቱን አልተወም።

ከዚያ የኑቢያን በረሃ በብዙ መከራ አቋርጦ አስዋን ገባ፤ በ1774 እንግሊዝ አገር ደረሰ። ነገር ግን የተናገረውን ብዙዎች ተረት ነው ብለው አፌዙበት። የጉዞ መጽሐፉን በአምስት ቅጽ ያሳተመው በ1790 ነበር። በ1794 በገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። በኋላ የመጡ መንገደኞች ከጻፈው ብዙው እውነት መሆኑን መሰከሩ።

ሆኖም የራሱን ምስክርነት ባለመቀበላቸው ያዘነው ብሩስ ለሌሎች ፍትሕ አልሰጠም። ጴጥሮስ ፓኤዝ የተባለው ስፓኛዊ ቄስ በ1618 ግሽ ዓባይን ማየቱን ካደ። ሥዕሎቹን የሣለለትንና በ1771 ጎንደር ላይ የሞተውን ጣሊያናዊውን ሉዊጂ ባሉጋኒን ድካም ሸሸገ።

ዛሬ ሁለቱም ወንዞች የየራሳቸው ድርሻ እንዳላቸው ይታወቃል። ነጭ ዓባይ ከምሥራቅ አፍሪካ ሐይቆች እየመጣ ዓመቱን ሙሉ ይፈሳል። ግብፅ ከሚደርሰው ውሃ ከመቶ 85 ያህሉ ግን ከኢትዮጵያ ደጋዎች የሚወርድ ነው፤ ጎርፉንና ለም አፈሩን ያመጣ የነበረውም የኢትዮጵያ ክረምት ነው። ስናርንና ካርቱምን የመሳሰሉ ከተሞች፣ በወንዙ ዳርቻ የሚኖረውም ገበሬ ሕይወታቸው ከዚህ ዝናብ ጋር የተሳሰረ ነው። የብሩስ ታሪክ እንደሚያስረዳው፣ የምድርን ነገር የሚያጠና ሰው መድከምና መለካት ብቻ አይበቃውም፤ ምኞቱን የሚቃወም እውነት ሲያገኝም መቀበል፣ ቀድመውት የደከሙትንም በስማቸው ማክበር ይገባዋል።