አሌክሲስ ካሬልና ደም የሚፈስበት ገጽ

በሰው ሰውነት ውስጥ የሚተከል ማናቸውም ባዕድ ነገር፣ የልብ ቫልቭ ይሁን ሰው ሠራሽ የደም ሥር፣ በመጀመሪያ የሚፈተነው በጥንካሬው ሳይሆን በገጹ ነው። ደም ከባዕድ ገጽ ጋር እንደ ተገናኘ በሴኮንዶች ውስጥ ፕሮቲኖቹ በገጹ ላይ ይለጠፋሉ፤ ፕላትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የደም አካላትም ተከትለው ይጣበቁና ደሙ መርጋት ይጀምራል። ዛሬ በናኖሜትር፣ ይኸውም በሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ፣ የሚለካ ቅርጽ ያለው ልባስ የሚሠሩት መሐንዲሶች የሚታገሉት ከዚሁ ችግር ጋር ነው። ችግሩን በቀዶ ጥገና ጠረጴዛ ላይ አስቀድመው ከተጋፈጡት አንዱ፣ መሣሪያው መርፌ፣ የሐር ክርና ቫዝሊን የነበረው ፈረንሳዊው ሐኪም አሌክሲስ ካሬል ነበር።

ካሬል በሊዮን ከተማ አጠገብ በሴንት ፏ ሌ ሊዮን ጁን 28 ቀን 1873 ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አባቱን በሕፃንነቱ አጥቶ በእናቱ እጅ አደገ፤ ሕክምናንም በሊዮን ተማረ። በ1894 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ ይህችኑ ከተማ ሲጎበኙ በጩቤ ተወጉ። ስማቸው ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም፤ ስለ ሙቀት ሞተር ብቃት የጻፈው የኒኮላ ሳዲ ካርኖ የወንድም ልጅ ሲሆኑ፣ ራሳቸውም በሙያቸው መሐንዲስ ነበሩ። ደም ወደ ጉበት የሚወስደው ትልቅ ሥር ስለ ተቆረጠ ሐኪሞች ሊያድኗቸው አልቻሉም። በዚያን ዘመን የተቆረጠ ትልቅ የደም ሥር ይሰፋል ብሎ የሚያምን እምብዛም ነበር። ወጣቱ ካሬል ግን ሊሰፋ ይገባዋል አለ።

ሊዮን የሐርና የጥልፍ ከተማ ናትና ካሬል ስፌቱን ሊማር የሄደው ወደ ሌላ ሐኪም ሳይሆን ወደ አንዲት የጥልፍ ባለሙያ ነው። በ1902 ያሳተመው ዘዴ በቀላልነቱ ያስደንቃል። የሁለቱ ሥሮች አፍ ክብ ስለ ሆነ መርፌው ተቃራኒውን ግድግዳ አብሮ የመያዝ አደጋ አለበት። ካሬል በክቡ ዙሪያ በእኩል ርቀት ሦስት ክሮች አስሮ ወደ ውጭ ሲወጥራቸው ክቡ ሦስት ማዕዘን ሆነ፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሦስት ቀጥ ያሉ ጠርዞችን መስፋት ብቻ ነው። የሥሩ ውስጠኛ ገጽ ከውስጠኛው ገጽ ጋር እንዲገጥም ተጠነቀቀ፤ መርፌውንና ክሩንም በቫዝሊን ለወሰ። ክሩ ወደ ደሙ ብቅ ቢል እንኳ ደሙ የሚነካው ባዶውን ሐር ሳይሆን ቅባቱን ነው። ስስና የዋህ ቢሆንም ይህ በእርግጥ የገጽ ልባስ ነበር።

በሉርድ አየሁት ባለው ፈውስ ምክንያት ከባልደረቦቹ ጋር የተቃቃረው ካሬል በ1904 ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሻገረ። በቺካጎ ከቻርልስ ገስሪ ጋር ብዙ ሙከራ አደረገ፤ በ1906 ወደ ኒው ዮርክ፣ ወደ ሮክፌለር የምርምር ተቋም ገባ። በ1908 ደም እየፈሰሳት ልትሞት የነበረችን አራስ ሕፃን የአባቷን ደም ቅዳ ከእግሯ ደም መልስ ጋር ሰፍቶ አተረፋት። በ1912 የኖቤል ሽልማት ለብቻው ተሰጠው። የገስሪ ድርሻ መዘንጋቱ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ሲሆን፣ ክርክሩም ያለ ምክንያት አይደለም።

በዚያው ዓመት ካሬል ውስጣቸው በፓራፊን የተለበጠ የመስታወትና የብረት ቱቦዎችን በውሾች አኦርታ ውስጥ ተከለ። ደሙ ለጊዜው አለፈ፤ ዘላቂ መፍትሔ ግን አልተገኘም። ለስላሳነት ብቻ እንደማይበቃ ቱቦዎቹ አሳዩ። ሄፓሪን የተባለው የመርጋት መከላከያ በግራፋይት ልባስ ላይ የተያዘው በ1963 ነው፤ ፒሮሊቲክ ካርቦን ለልብ ቫልቭ የዋለው ደግሞ በዚያው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። ዛሬ በታይታኒየም ገጽ ላይ በኤሌክትሮኬሚካል መንገድ ዲያሜትራቸው በአሥሮች ናኖሜትር የሚቆጠር ቱቦዎች ይበቅላሉ። ያም ሆኖ የሜካኒካል ቫልቭ የተተከለለት ሰው ዕድሜ ልኩን የመርጋት መከላከያ መድኃኒት ይወስዳል።

ከ1930 ጀምሮ ካሬል ከአውሮፕላን አብራሪው ቻርልስ ሊንድበርግ ጋር ሠራ። ሊንድበርግ የነደፈው የመስታወት ፓምፕ በ1935 ይፋ ሆነ፤ ከሰውነት የወጣን እጢ ተህዋስያን ሳይደርሱበት ለቀናት ያኖር ነበር። በውስጡ የሚዘዋወረው ግን ምግብ ያዘለ ፈሳሽ እንጂ ደም አልነበረም፤ የደምና የመስታወት ጠብ በዚህ መንገድ ታለፈ እንጂ አልተፈታም። ካሬል በ1912 ከዶሮ ጽንስ ልብ ወስዶ የጀመረው የሕዋስ ባሕል የማይሞት መስሎ ለረጅም ዓመታት ቢያስገርምም፣ ጤናማ ሕዋስ የሚከፈለው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ መሆኑ በ1961 ተረጋገጠ።

የሕይወቱን ጨለማ ክፍል መዝለል ለሙያው ክብር አይሆንም። በ1935 ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ዘር በምርጫ ማሻሻልን ደገፈ፤ ከባድ ወንጀለኞችና አንዳንድ የአእምሮ ሕሙማን በጋዝ እንዲገደሉም ሐሳብ አቀረበ። የአንድ ሕፃን ነፍስ ለማትረፍ በክር ጫፍ ላይ ያለ ቅባት የተጨነቀ እጅ ይህን መጻፉ በቀላሉ የሚታረቅ አይደለም። በ1941 በቪሺ መንግሥት ሥር የሰው ልጅን ችግሮች የሚያጠና ተቋም መሪ ሆነ። ፓሪስ ነፃ ስትወጣ ከሥራው ታገደ፤ ለፍርድም ሳይቀርብ ኖቬምበር 5 ቀን 1944 ሞተ። በሊዮን በስሙ ይጠራ የነበረው የሕክምና ፋኩልቲ በ1996 ስሙ ተለወጠ።