የረይ ሐኪም አቡ በክር አል-ራዚ

በዶርም አንዱ ማሳል ሲጀምር በሳምንቱ ክፍሉ ሁሉ እንደሚያስል ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። በዚህ እትም የምናነሳላችሁ ታላቅ ሐኪም ከዚሁ ጉዳይ ደጃፍ ደርሰው ነበር።

አቡ በክር ሙሐመድ ኢብን ዘከሪያ አል-ራዚ በ251 ዓመተ ሒጅራ (865 እ.ኤ.አ.) ገደማ በረይ፣ ዛሬ ቴህራን ባለችበት አካባቢ ተወለዱ። በረይና በባግዳድ ሆስፒታሎችን መርተዋል። ባግዳድ ውስጥ ለሆስፒታል ቦታ ምረጡ ሲባሉ በየሰፈሩ ሥጋ አሰቅለው፣ ዘግይቶ የሸተተበትን ቦታ መረጡ ይባላል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚያያዘው ከዓዱዲ ሆስፒታል ጋር ነው፤ እሱ ግን የተከፈተው እሳቸው ካረፉ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ስለሆነ በጥንቃቄ ነው የምንነግራችሁ።

የማያጠራጥረው ስለ ፈንጣጣና ኩፍኝ የጻፉት መጽሐፍ ነው። ሁለቱን በሽታዎች በዝርዝር ለይተዋል፦ የጀርባ ሕመም በፈንጣጣ ይበረታል፤ ማቅለሽለሽና ጭንቀት በኩፍኝ ይብሳል። ይህን ያገኙት በሽተኛውን ቀርበው በማየት ነው። ከፈንጣጣ የሚያመልጥ ልጅ እምብዛም እንደሌለም አስተውለዋል። ምክንያቱን ግን ልጅ ሲያድግ ደሙ እንደ ወይን ጭማቂ ስለሚፈላ ነው አሉ። ከሰው ወደ ሰው የሚያልፍበት መንገድ አመለጣቸው። በማይክሮስኮፕ ዘመን ለተወለድን ለእኛ ይህን መናገር ቀላል ነው።

የኩፍኝ ቫይረስ በትንፋሽና በሳል በሚወጡ ደቃቅ ጠብታዎች ተሳፍሮ በዝግ ክፍል አየር ላይ ይንሳፈፋል። በሽተኛው ከወጣ በኋላ እንኳ እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ ወደ ክፍሉ የገባውን ሊይዝ ይችላል። በሽተኛው አጠገብ ከነበሩ 10 ያልተከተቡ ሰዎች እስከ 9 የሚሆኑት ይያዛሉ። ንጹሕ አየር ሲገባ ግን ቫይረሱ እየተበተነ ይሳሳል። ብርዱን ፈርተን መስኮት ዘግተን፣ በአንድ ክፍል ተፋፍገን የምናድር እኛ ነን!

አል-ራዚ ሐኪም ለማያገኝ ሰው የሚሆን መጽሐፍም ጽፈዋል፤ የግሪኩን ጋለን ትምህርት እንኳ ሳይመረምሩ አልተቀበሉም። በእርጅናቸው የዓይናቸው ብርሃን ጠፋ። በ313 ዓመተ ሒጅራ (925 እ.ኤ.አ.) ገደማ በትውልድ ከተማቸው አረፉ። አል-ሓዊ የተባለው ግዙፍ መጽሐፋቸው ከማስታወሻዎቻቸው ተሰብስቦ የተዘጋጀው ከዚያ በኋላ ነው።