ሦስት መቃብር ያለው ሙዚቀኛ፦ ሮበርት ጆንሰንና አፍቃሪዎቹ

በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት፣ ከግሪንውድ ከተማ ብዙ ሳይርቁ በሚገኙ ሦስት አብያተ ክርስቲያናት ቅጽር፣ የአንድ ሰው ስም የተቀረጸባቸው ሦስት የመቃብር ድንጋዮች ቆመዋል። ሰውየው የብሉዝ ጊታር ተጫዋችና ዘፋኝ የነበረው ሮበርት ጆንሰን ነው። ሦስቱም የቆሙት እርሱ ከሞተ ሃምሳ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በአብዛኛው ድምፁን ከሸክላ እንጂ ፊቱን በአካል አይተው በማያውቁ ሰዎች ጥረት ነው። አካሉ ሊያርፍ የሚችለው ግን በአንዱ ብቻ ነው። ይህ ለተመልካች እንደ ቀልድ ሊታይ ቢችልም፣ ለታሪክ አጥኚ የሚያነሣው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ስለ ጆንሰን ዛሬ የሚታወቀውን አብዛኛውን ነገር ፈልገው ያገኙት አፍቃሪዎቹ ናቸው፤ ሰውየውን በተረት የሸፈኑትም እነርሱው ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ጆንሰን በሚሲሲፒ በሄዝልኸርስት ከተማ ተወለደ። የልደቱ ቀን በብዙዎች ዘንድ ግንቦት 8 ቀን 1911 ተብሎ ይወሰዳል፤ የትምህርት ቤትና የቆጠራ መዝገቦች ግን እርስ በርስ አይስማሙም። እናቱ ጁሊያ ዶድስ ትባላለች። ባሏ ቻርልስ ዶድስ መሬት ያለውና የቤት ዕቃ የሚሠራ፣ በዘመኑ ለጥቁር ሰው ብርቅ የሆነ ኑሮ የነበረው ሰው ሲሆን፣ ከነጭ ባለ ርስቶች ጋር በተነሣ ጠብ ነፍሱን ለማዳን ከከተማው ሸሽቶ በሜምፊስ ስሙን ስፔንሰር ብሎ ለውጦ ይኖር ነበር። ሮበርት የተወለደው ከዚያ በኋላ፣ ኖኅ ጆንሰን ከተባለ ሌላ ሰው ነው። በልጅነቱ የተወሰኑ ዓመታት በሜምፊስ በስፔንሰር ቤት አሳልፎ በዚያው ፊደል ቆጠረ፤ ቆይቶ ወደ እናቱና ወደ እንጀራ አባቱ፣ በሰሜን ሚሲሲፒ ሮቢንሰንቪል አጠገብ ወዳለው የጥጥ እርሻ ተመለሰ። ስለዚህ ብዙ ጊዜ እንደሚታሰበው ከእርሻ በቀር የማያውቅ የገጠር ልጅ አልነበረም፤ ከተማም፣ ትምህርት ቤትም፣ የሸክላ ማጫወቻም ያለበትን ዓለም ያውቅ ነበር። በ1929 ቨርጂኒያ ትራቪስ የተባለች ወጣት አገባ። በዓመቱ እርሷም ሕፃኑም በወሊድ ሞቱ። የጢሰኛነትን ኑሮ ትቶ በጊታር ለማደር የወሰነው ከዚህ ኀዘን በኋላ ነው።

በ1930 ሰን ሃውስ የተባለው ስመ ጥር ብሉዝ ተጫዋች ወደ ሮቢንሰንቪል መጣ። ጆንሰን እርሱንና ባልንጀራውን ዊሊ ብራውንን እየተከተለ፣ በዕረፍታቸው ጊዜ ጊታራቸውን እያነሣ ይሞክር ነበር። ሃውስ በኋለኛው ዕድሜው እንደተረከው፣ ልጁ በዚያ ዘመን አርሞኒካ እንጂ ጊታር አይችልም፤ ጫጫታው አድማጭን ያስከፋ ነበር። ከዚያ ጆንሰን ከአካባቢው ተሰወረ። ሲመለስ ግን መምህሮቹን በልጦ ተገኘ። በሃውስ ትውስታ ይህ ሁሉ በጥቂት ወራት ውስጥ የሆነ ይመስላል፤ የኋላ አጥኚዎች ግን ጊዜው ከአንድ ዓመት በላይ እንደሆነ ያሳያሉ። ጆንሰን ወደ ትውልድ አገሩ ሄዶ አይክ ዚመርማን ከተባለ ጊታር ተጫዋች ዘንድ ተቀምጦ ይማር ነበር። የዚመርማን ቤተሰብ እንደተናገረው ሁለቱ ሌሊት ሌሊት በአቅራቢያው ባለ የመቃብር ስፍራ ይለማመዱ ነበር፤ ምክንያቱም ሰው ስለማይረበሽ ነው። አንድ ተማሪ ከመምህር እግር ሥር ቁጭ ብሎ የደከመበት ዘመን፣ መቃብርና ሌሊት ስላለበት ብቻ ኋላ የአጋንንት ታሪክ ሆኖ ተገኘ።

የሸክላ ሥራው እጅግ አጭር ነው። በኅዳር 1936 በቴክሳስ ሳን አንቶንዮ በሚገኘው በጉንተር ሆቴል፣ በሰኔ 1937 ደግሞ በዳላስ፣ በሁለቱ ጊዜያት በጠቅላላው 29 ዘፈኖችን ቀረጸ። ቀረጻውን የመራው ዶን ሎው ነበር። በሕይወት ሳለ በቮካልየን ስም 11 ሸክላዎች ወጡለት፤ ከእነርሱ የተሻለ ገበያ ያገኘው ስለ ቴራፕሌን መኪና የዘፈነበት ሲሆን የተሸጠው 5,000 ያህል እንደነበር ይገመታል። በዘመኑ ከነበሩት ታዋቂ የብሉዝ ዘፋኞች ጋር ሲነጻጸር ይህ መጠነኛ ነው።

ሙያው የት ላይ እንደሆነ በግልጽ መናገር ይገባል፤ ተረቱ የሚጋርደው በመጀመሪያ ይህንኑ ነውና። ጆንሰን በአውራ ጣቱ በወፍራሞቹ ክሮች ላይ፣ የፒያኖ ተጫዋች ግራ እጅ የሚሠራውን የማያቋርጥ ዝቅተኛ ምት ይይዛል፤ በሌሎቹ ጣቶቹ በቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ ለድምፁ መልስ ይሰጣል፤ አንዳንዴም ክሩ ላይ በሚንሸራተት መሣሪያ ጊታሩን የሰው ልቅሶ ያስመስላል። ይህን ሁሉ ከሸክላ ጭምር ተምሮታል። ከስኪፕ ጄምስ፣ ከኮኮሞ አርኖልድ፣ ከሊሮይ ካር ዘፈኖች የወሰዳቸው ነገሮች ጎን ለጎን ሲደመጡ በቀላሉ ይለያሉ። ያልተለመደው ነገር መውሰዱ አይደለም፤ ሁሉም ይወሳሰድ ነበር። የወሰደውን ሦስት ደቂቃ ያህል በምትይዝ የሸክላ ገጽ ልክ መጥኖ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ሙሉ ሥራ ማድረጉ ነው። ያ የተያያዘ ዝቅተኛ ምት ከጦርነቱ በኋላ በቺካጎ የኤሌክትሪክ ብሉዝ ውስጥ የተለመደ ሆነ። ኤልሞር ጄምስ በ1951 በሸክላ ያስቀረጸው ታዋቂ ዘፈንም ከጆንሰን የመጣ ነው።

ጆንሰን በአንድ ቦታ አይረጋም ነበር። ከጓደኛው ከጆኒ ሻይንስ ጋር እስከ ቺካጎ፣ ዲትሮይትና ኒው ዮርክ ድረስ ተጉዟል። በአርካንሳስ ሄሌና ከተማ ለሮበርት ሎክውድ ጊታር አስተምሯል፤ ሎክውድ ያንን እስከ 2006 ዕለተ ሞቱ ድረስ ይዞት ኖረ። ነሐሴ 16 ቀን 1938 ጆንሰን በግሪንውድ አጠገብ ሞተ። በአንድ የጭፈራ ቤት ሲጫወት ሰንብቶ፣ በሴት ምክንያት የቀና ሰው በመጠጡ መርዝ እንደጨመረበት አብረውት የነበሩ ሙዚቀኞች ተናግረዋል። የሞት ምስክር ወረቀቱ በ1968 በአጥኚው ጌል ዲን ዋርድሎው ጥረት ሲገኝ፣ የሞቱ ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ ሐኪም እንዳልነበረ ብቻ ሰፍሯል። በጀርባው በተጻፈው ማስታወሻ ደግሞ የእርሻው ነጭ ባለቤት ሰውየው የቂጥኝ በሽተኛ ሳይሆን እንዳልቀረ መገመቱ ተመዝግቧል። ሳይመረመር የሞተን ጥቁር ሠራተኛ በተመለከተ የባለ ርስቱ ግምት በመንግሥት መዝገብ ላይ መስፈሩ፣ ስለ ጆንሰን ሞት ከሚናገረው ይልቅ ስለ ዘመኑ የሚናገረው ይበልጣል።

አፍቃሪዎቹ ብቅ ማለት የጀመሩት በዚያው ዓመት ነው። ጆን ሃመንድ የተባለው የኒው ዮርክ የሙዚቃ አዘጋጅ፣ በታኅሣሥ 1938 በካርኔጊ አዳራሽ ባሰናዳው የጥቁሮች ሙዚቃ ትርኢት ላይ ጆንሰንን ለማቅረብ ሲያፈላልግ መሞቱን ሰማ። በምትኩ ቢግ ቢል ብሩንዚን አቀረበ፤ የጆንሰንን ሸክላዎችም ከመድረክ ላይ ለሕዝቡ አሰማ። ባለቤቱ የሌለበት ድምፅ፣ ሰውየውን በማያውቅ፣ በአብዛኛው ነጭ በሆነ ታዳሚ ፊት መሰማቱ የኋላውን ታሪክ አስቀድሞ ያሳየ ይመስላል።

ወሳኙ ዓመት 1961 ነው። ኮሎምቢያ ኩባንያ 16 ዘፈኖቹን በአንድ ረጅም ሸክላ አሳተመ። የዘፋኙ ፎቶግራፍ ስላልነበረ በሽፋኑ ላይ ፊቱ የማይታይ ሰው ተሣለ፤ ሕይወቱን የሚተርክ መረጃም አልነበረም ማለት ይቻላል። አድማጩ ባዶውን ቦታ በራሱ ምናብ መሙላት ነበረበት። ቦብ ዲላን ሸክላውን ገና ከመውጣቱ በፊት ከሃመንድ እጅ ተቀብሎ፣ የግጥሞቹን አሠራር ለመረዳት ቃላቱን በወረቀት ላይ እየገለበጠ ማጥናቱን በ2004 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ገልጿል። በእንግሊዝ ኪዝ ሪቻርድስ መጀመሪያ ሲሰማው ሁለት ሰዎች የሚጫወቱ መስሎት፣ ሁለተኛው ጊታር ተጫዋች ማን እንደሆነ ጠየቀ። ኤሪክ ክላፕተን በ1968 ከክሪም ጋር የመስቀለኛ መንገዱን ዘፈን በኤሌክትሪክ ጊታር ተጫውቶ ለብዙ ሺህ ወጣቶች አደረሰ፤ በ2004ም ለጆንሰን ዘፈኖች ብቻ አንድ ሙሉ አልበም ሰጠ። ሮሊንግ ስቶንስ በ1969 ከዘፈኖቹ አንዱን ሲያሳትሙ ግን የደራሲው ስም በትክክል አልሰፈረም። ፍቅሩ እውነተኛ ነበር፤ ሒሳቡ ግን ለሙታን ቤተሰብ አልደረሰም።

በዚሁ በ1960ዎቹ ጆንሰን በመስቀለኛ መንገድ ላይ ነፍሱን ለዲያብሎስ ሸጦ ጊታር ቻለ የሚለው ወሬ ሥር ሰደደ። ይህ ታሪክ አስቀድሞ የሚነገረው ስለ ሌላ ሰው፣ የሥጋ ዝምድና ስለሌለው ቶሚ ጆንሰን ነበር፤ የቶሚ ወንድም ለአጥኚው ዴቪድ ኢቫንስ ነግሮታል። የስም መመሳሰል፣ የሃውስ ትውስታ፣ የጆንሰን ሁለት ሦስት ዘፈኖች ርእስ ተደማምረው ታሪኩን ወደ ሮበርት አሸጋገሩት። መስቀለኛ መንገዱን የሚያነሣው ዘፈን ግን የውል ነገር የለበትም፤ ሲመሽ በመንገድ ዳር ተሳፋሪ የሚጭን አጥቶ ወደ አምላኩ የሚለምን መንገደኛ ነው የሚታይበት። በዚያ ዘመን በሚሲሲፒ ጨለማ የያዘው ጥቁር እግረኛ የሚፈራው ምን እንደነበር ለሚያውቅ ሰው፣ የዘፈኑ ፍርሃት ዲያብሎስ አያስፈልገውም። የተረቱ ጉዳት በዚህ ብቻ አያበቃም። ነጭ ሙዚቀኛ ሲራቀቅ ትጋቱ ይጠና ነበር፤ ጥቁሩ ሲራቀቅ ግን ምስጢር ተፈለገለት። የዚመርማን ስም ለብዙ አሥርት ዓመታት ከታሪኩ ወጥቶ የቆየውም ሰይጣን የመምህሩን ወንበር ስለያዘ ነው።

ከአፍቃሪዎቹ መካከል የተወሰኑት ከማድመጥ አልፈው መንገድ ለመንገድ፣ መዝገብ ለመዝገብ መፈለግ ጀመሩ። ዋርድሎው አንዱ ነው። ሮበርት ማኮርሚክ ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጆንሰንን የእናት ልጅ እኅት አገኘ፤ የሰበሰበውን ግን በሕይወት ሳለ በመጽሐፍ ሳያወጣ በ2015 ሞተ፤ ሥራው የታተመው በ2023 ነው። ስቲቭ ላቪር የተባለ ሌላ ሰብሳቢ ከእኅቲቱ ጋር ገቢን ለመካፈል ተዋውሎ በመብቱ ላይ እጅ ነበረው። በ1990 ሙሉ ሥራው ታትሞ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሲሸጥና በተከታዩ ዓመት ግራሚ ሲሸለም፣ የወራሽነት ጥያቄ ከባድ ሆነ። በ1998 ፍርድ ቤት፣ ጆንሰን ከጋብቻ ውጭ የወለደውን፣ ኑሮውን በጉልበት ሥራ ይገፋ የነበረ ልጁን ብቸኛ ወራሽ አደረገ፤ የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2000 አጸናው። የአፍቃሪዎች ምርምር ባይኖር ይህ ሰው መብቱን ለማግኘት የሚያስችል ገቢም መዝገብም አይኖርም ነበር። የዚያኑ ያህል፣ አንድ ቤተሰብ ስለ ገዛ ወንድሙ ያለውን ፎቶግራፍና ትዝታ ለእንግዳ አስረክቦ በፍርድ ቤት እስኪሟገት የደረሰው በዚያው ምርምር ምክንያት ነው። ሁለቱን አመዛዝኖ አንዱን መምረጥ አይቻልም።

ኢላይጃ ዎልድ በ2004 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጆንሰን በዘመኑ ጥቁር አድማጮች ዘንድ ብዙም ያልታወቀ እንደነበርና ዝናው የነጭ አፍቃሪዎች ፍሬ እንደሆነ ተከራክሯል። ክርክሩ በገበያ ረገድ ጠንካራ ነው። ነገር ግን የሎክውድን፣ የሻይንስንና የኤልሞር ጄምስን እጅ ያነሰ ያደርገዋል፤ እነርሱ ጆንሰንን ያወቁት ከሸክላ ሽፋን ላይ ሳይሆን ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው። በ2019 ብሩስ ኮንፎርዝና ዋርድሎው በጋራ ያወጡት የሕይወት ታሪክ ደግሞ ተረቱን በመዝገብ እየፈተነ ሰውየውን ወደ ቤተሰቡና ወደ መምህሩ መልሶታል። ለመስኩ ተመራማሪ ሁለቱን መጻሕፍት አጠገብ ለአጠገብ ማንበብ የተሻለ ነው።

ዛሬ በክላርክስዴል 61ና 49 ቁጥር አውራ ጎዳናዎች በሚገናኙበት ቦታ የጊታር ምስሎች ተሰቅለዋል፤ ተጓዦችም ፎቶግራፍ ይነሣሉ። በመቃብር ድንጋዮቹ ላይ የጊታር መምቻና የመጠጥ ጠርሙስ ትተው የሚሄዱ አሉ። ከሦስቱ ቦታዎች ብዙ አጥኚዎች የሚያዘነብሉት ከግሪንውድ በስተሰሜን ወደሚገኘው ወደ ሊትል ዛየን ነው፤ መቃብሩን የቆፈረው ሰው ሚስት ቦታውን አመልክታለችና። በሞርጋን ሲቲ በ1991 የቆመው ሐውልት በስህተት ቦታ ላይ ቢሆን እንኳ ከንቱ አልቀረም። ያንን ያስተባበረው ማኅበር ያለ ምልክት ለተቀበሩ ሌሎች የብሉዝ ሰዎች፣ በዚያው ዓመት ለቻርሊ ፓተን ጭምር፣ ድንጋይ አቁሟል።

ለረጅም ጊዜ በሰፊው የታወቁት የጆንሰን ፎቶግራፎች ሁለት ብቻ ነበሩ። ከአንደኛው ተወስዶ በ1994 የፖስታ ቴምብር ሲታተም በከንፈሩ የያዘው ሲጋራ ተሰርዞ ወጣ። ሦስተኛው ይፋ የሆነው በ2020 ነው፤ ያወጣችውም በልጅነቷ በሜምፊስ አብራው የኖረችው የእንጀራ እኅቱ አኒ አንደርሰን ናት። በመጽሐፏ የምታስታውሰው ጆንሰን የካውቦይ ዘፈን የሚወድ፣ ለቤት ልጆች የሚጫወት ታላቅ ወንድም ነው። በፎቶግራፉ ላይ ጊታሩን ይዞ ፈገግ ብሏል።