ለመኪና ሄደው ዘፈን ያስቀረጹት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ

በዚህ ዕትም የምናነሣቸው ሰው እንደኛው ለሥራ ባሕር የተሻገሩ ናቸው።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ የሚንጃር ሰው ናቸው። በሰምና ወርቅ ግጥማቸውና በጨዋታቸው ይታወቁ ነበር። አፄ ምኒልክ መኪና ሲያስገቡ፣ መንዳቱንም መጠገኑንም የሚያውቅ የአገር ሰው ያስፈልግ ነበርና እ.ኤ.አ. በ1908 ተሰማን ሙያውን ተምረው እንዲመጡ ወደ ጀርመን ላኳቸው።

ሙያውን ተማሩ። እዚያው ሳሉ ግን ሸክላ አሳታሚዎች ፊት ቀርበው ዘፈኑ፤ ከ10 በላይ ሸክላ ወጣ። ለገበያ ከተቀረጹት የኢትዮጵያ ዘፈኖች የመጀመሪያዎቹ እነዚህ ናቸው። ያኔ እኮ አገር ቤት ራዲዮ የለም፤ አዝማሪ የሚሰማው ፊቱ ተቀምጦ ነው፤ ድግሱ ሲያልቅ ዘፈኑም አብሮ ያልቃል።

ሲመለሱ የምኒልክ ሾፌር ሆኑ። ኋላም የልጅ ኢያሱ ወዳጅ ነበሩና፣ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ለሳቸውም ክፉ ቀን መጣ። ያም አልፎ እስከ 1964 እ.ኤ.አ. ኖሩ። የአፍሪካ እግር ኳስ መሪ የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ ልጃቸው ናቸው።

የሸክላው ነገር በሳቸው አልቆመም። ሸክላ ማስመጣትና ማሳተም ለሀገር ፍቅር ብቻ የተፈቀደ በነበረበት ጊዜ፣ አምሐ እሸቴ የሚባል ወጣት የሸክላ ነጋዴ ክልከላውን ደፍሮ እ.ኤ.አ. በ1969 በራሱ ማሳተም ጀመረ። አለማየሁ እሸቴን፣ ማሕሙድ አሕመድን፣ የሙላቱ አስታጥቄን ጃዝ፣ ሁሉንም አወጣ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ሸክላ። ዛሬ ዓለም የሚሰማው አብዛኛው የዚያ ዘመን ዘፈን የተረፈው እንደሱ ባሉ ነጋዴዎች ነው። የተሰማም ሸክላዎች ከመቶ ዓመት በኋላ በኢትዮፒክስ ተከታታይ በሲዲ ወጥተዋል።

እዚህ ኤደንም ያው ነው። የከተማዋ የድሮ ዘፋኞች ድምፅ የቀረው በ1930ዎቹ ኦዲዮን የተባለው የጀርመን ኩባንያ፣ ኋላም እንደ ኤደን ክራውን ያሉ የአገሬው አሳታሚዎች በሸክላ ስላስቀሩት ነው።

ስለዚህ ወገኖች፣ የእናታችሁን እንጉርጉሮ፣ የመንደራችሁን የሰርግ ዘፈን፣ የአያታችሁን ቀረርቶ ስልካችሁ ላይ የያዛችሁ፣ ለአንድ ለምታምኑት ሰው ዛሬውኑ ላኩለት። ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚሸጠው ስልክ ነው፤ በመንገድም የሚወሰደው እሱ ነው። ስልክ ይተካል፤ የእናት ድምፅ ግን አይተካም።