ሎርድ ሬይሊ፡ በናይል ወንዝ ላይ የድምፅን ሳይንስ መጻፍ የጀመሩት ሊቅ

በአሁኑ ወቅት በቤተ ሙከራዎች ውስጥ የፈሳሽ ጠብታን ያለ ዕቃ በአየር ላይ አንሳፎ ማቆየት፣ ከቦታ ቦታ ማዘዋወርና ከሌላ ጠብታ ጋር ማዋሐድ ተችሏል። ይህን ሥራ የሚያከናውነው የሰው ጆሮ የማይሰማው አልትራሳውንድ የተባለው የድምፅ ሞገድ ነው። ለዚህ ዕውቀት መሠረት ከጣሉት ሊቃውንት አንዱ እንግሊዛዊው የፊዚክስ ተመራማሪ ጆን ዊሊያም ስትረት፣ በማዕረግ ስማቸው ሎርድ ሬይሊ ናቸው።

ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1842 በኤሴክስ ተወለዱ። በልጅነታቸው ጤናቸው ደካማ ስለነበር ትምህርታቸው በተደጋጋሚ ተቋርጧል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1861 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1865 በሒሳብ ፈተና አንደኛ በመውጣት አጠናቀዋል።

እ.ኤ.አ. በ1871 ኤቭሊን ባልፎርን ካገቡ ብዙም ሳይቆይ በጽኑ የቁርጥማት ትኩሳት ታመሙ። ለማገገም ወደ ግብፅ ተጉዘው በናይል ወንዝ ላይ በጀልባ ሲቀመጡ የድምፅን ንድፈ ሐሳብ የሚተነትነውን ታላቅ መጽሐፋቸውን መጻፍ ጀመሩ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1877 እና በ1878 በሁለት ቅጽ ታትሟል።

ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1879 የፈሳሽ ጠብታ እንዴት እንደሚርገበገብ በስሌት አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1902 ደግሞ ሞገድ በሚያርፍበት አካል ላይ ስለሚያሳድረው ግፊት ያካሄዱትን ጥናት አሳተሙ። ጠብታን በአየር ላይ የሚይዘውም ይኸው ግፊት ነው። ከድምፅ ማመንጫው የሚወጣው ሞገድ ከፊት ለፊቱ ካለው አንጸባራቂ ተመልሶ ከራሱ ጋር ሲገናኝ ቋሚ ሞገድ ይፈጠራል፤ ጠብታውም ግፊቱ እምብዛም በማይለዋወጥበት ሥፍራ አጠገብ ይያዛል። በሴኮንድ 40,000 ጊዜ በሚርገበገብ ድምፅ እነዚህ ሥፍራዎች በ4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። የሞገዱ አቀማመጥ ሲለወጥ ጠብታውም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ናሙናው ከዕቃ ጋር ስለማይነካካ በዕቃው ምክንያት አይበከልም።

ሬይሊ ዕውቀታቸውን ለሕዝብ አገልግሎትም አውለዋል። እ.ኤ.አ. ከ1879 እስከ 1884 በካምብሪጅ የካቨንዲሽ ቤተ ሙከራን ሲመሩ የኤሌክትሪክ መለኪያዎች በትክክል እንዲወሰኑ ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ የባሕር ዳርቻ መብራቶችን የሚያስተዳድረው ትሪኒቲ ሃውስ የሳይንስ አማካሪ ሆነው አገልግለዋል። እ.ኤ.አ. በ1909 የተቋቋመውን የመንግሥት የአቪዬሽን አማካሪ ኮሚቴም በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።

ከአየር የተገኘ ናይትሮጅን በኬሚካል ዘዴ ከተዘጋጀው በግማሽ በመቶ ገደማ እንደሚከብድ ያስተዋሉት ሬይሊ፣ ጥቂቷን ልዩነት ችላ ባለማለታቸው ከዊሊያም ራምሴ ጋር አርጎን የተባለውን ጋዝ ለማግኘት በቅተዋል። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1904 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ ገንዘቡን ለካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ለግሰዋል።

ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 1919 በ76 ዓመታቸው አረፉ። ቡክስና ሙለር የተባሉ ተመራማሪዎች ጠብታዎችን በአልትራሳውንድ በአየር ላይ ማንሳፈፍ የቻሉት ከዚያ 14 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1933 ነበር። ሊቁ የዘሩትን ዘር ፍሬ ለማየት ባይታደሉም፣ ዛሬ ጥቅሙ ያልታየ ምርምር ለነገ ትውልድ ስንቅ እንደሚሆን ሕይወታቸው ያስረዳል።