ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትና የደም ግፊታቸው

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካን የመሩት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ስማቸው ለአንባቢዎቻችን አዲስ አይደለም። ስለ ፖለቲካቸው ብዙ ተጽፏል። እኛ ግን ዛሬ ሕይወታቸውን ከደም ግፊታቸው ጋር አያይዘን እናቀርባለን። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሩዝቬልት ጃንዋሪ 30 ቀን 1882 በኒውዮርክ ግዛት፣ ሃይድ ፓርክ በተባለ ስፍራ ከሀብታም ቤተሰብ ተወለዱ። ሕግ ተምረው ወደ ፖለቲካ ገቡ። በ1921፣ በ39 ዓመታቸው፣ ፖሊዮ ነው በተባለ በሽታ ሁለት እግሮቻቸው ሽባ ሆኑ። ሌላው ሰው ቢሆን ቤቱ ይቀር ነበር። እሳቸው ግን የኒውዮርክ ገዥ ሆኑ፤ በ1932 ደግሞ ለፕሬዚዳንትነት ተመረጡ። አራት ጊዜ የተመረጠ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከእሳቸው በቀር የለም።

የእግራቸው ነገር የታወቀ ነበር። በደም ሥራቸው ውስጥ ያለውን ግን ሕዝቡ አላየውም። የደም ግፊት ማለት ደም የደም ሥርን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። የላይኛው ቁጥር ልብ ስትኮማተር፣ የታችኛው ስታርፍ ያለውን ያሳያል። የሩዝቬልት ግፊት በ1935 136 በ78 ነበር። በ1937 162 በ98፣ በ1941 ደግሞ 188 በ105 ደረሰ። ታዲያ ምን ተደረገ? ይህ ነው የሚባል ነገር አልተደረገም። የግል ሐኪማቸው የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ስፔሻሊስት ነበሩ፤ በዚያ ዘመን ብዙ ሐኪሞችም ግፊት ከዕድሜ ጋር መጨመሩን እንደ ተፈጥሮ ያዩት ነበር።

በማርች 1944 ሃዋርድ ብሩን የተባሉ ወጣት የልብ ሐኪም መረመሯቸው። ግፊታቸው 186 በ108 ሆኖ ተገኘ፤ ልባቸው ሰፍቷል፣ መድከምም ጀምሯል። ዲጂታሊስ የተባለው የልብ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ጨውና ሲጋራ እንዲቀንሱ፣ ዕረፍት እንዲያደርጉ ታዘዘ። ግፊቱን በደንብ የሚያወርድ ኪኒን ግን ገና አልነበረም። ሕመምተኛው ራሳቸው ቁጥሩ ስንት እንደሆነ አይጠይቁም ነበር። ለሕዝቡም ደኅና ናቸው ተባለ፤ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ለአራተኛ ጊዜ ተመረጡ።

በፌብሩዋሪ 1945 በያልታ ከስታሊንና ከቸርችል ጋር ተሰበሰቡ። ሲመለሱም በግብፅ፣ መራራ ሐይቅ ላይ በቆመች የጦር መርከብ ውስጥ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኙ። ከዚያ በኋላ የቀራቸው ዕድሜ ሁለት ወር ብቻ ነበር። አፕሪል 12 ቀን በጆርጂያ ግዛት፣ ዋርም ስፕሪንግስ፣ ሥዕላቸው እየተሳለ ሳለ ኃይለኛ የራስ ምታት ይዟቸው ራሳቸውን ሳቱ። ብሩን ሲለኩ ግፊቱ ከ300 በ190 በላይ ነበር። በአንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በ63 ዓመታቸው ሞቱ። ጀርመን እጅ ስትሰጥ ለማየት አንድ ወር እንኳ አልቀራቸውም ነበር።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ መለኪያው ነበረ፣ ቁጥሩም ተጽፎ ነበር። መድኃኒቱ ነው የዘገየው። በአፍ የሚወሰድ ጥሩ የግፊት ኪኒን የወጣው በ1958፣ ሩዝቬልት ከሞቱ ከ13 ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ግን መድኃኒቱ አለ፤ የሚጎድለው መለካቱ ነው። ግፊት እኮ ብዙውን ጊዜ አያምም፤ ዝም ብሎ ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ይጎዳል።

ስንለካ ከግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ቡናና ሲጋራ እንተው። አምስት ደቂቃ ተቀምጠን እንረፍ፤ እግር ሳናነባብር፣ ክንዳችንን በልባችን ትክክል አሳርፈን ሁለት ጊዜ እንለካ። ቁጥሩንም ከነቀኑ በደብተር እንጻፍ። በተለያየ ቀን 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ዘንድ እንሂድ። ኪኒን የጀመረም ተሻለኝ ብሎ በራሱ ፈቃድ አያቁም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ነገ ክፍል ገብተን ሌሎችን የምናስተምር እኛ የራሳችንን ቁጥር ሳናውቅ መቅረት የለብንም።