የአየርላንድን ዜማዎች ከመረሳት የታደጉት የቺካጎ ፖሊስ አዛዥ

በአሜሪካ የቺካጎ ከተማ ፖሊስ ጠቅላይ አዛዥ የነበሩት ፍራንሲስ ኦኔል ዛሬ ይበልጥ የሚታወሱት በመሩት የፖሊስ ኃይል ሳይሆን ከሥራ ሰዓት ውጪ ባሰባሰቧቸው የአየርላንድ ባህላዊ ዜማዎች ነው።

ኦኔል እ.ኤ.አ በ1848 በደቡብ ምዕራብ አየርላንድ ኮርክ በተባለው ግዛት፣ ትራሊቤን በምትባል የገጠር መንደር ተወለዱ። ወቅቱ የድንች ሰብል በበሽታ በመመታቱ በተከሰተው ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰዎች የሞቱበት፣ ሌሎች በርካቶችም አገራቸውን ጥለው የተሰደዱበት ነበር። ኦኔል በልጅነታቸው ከቤተሰባቸውና ከአካባቢው ተጫዋቾች የሰሟቸውን ዜማዎች በቃላቸው ከመያዛቸውም በላይ የእንጨት ዋሽንት መጫወት ተምረዋል።

በ16 ዓመታቸው ከቤት ወጥተው መርከበኛ ሆኑ። ይሠሩባት የነበረችው መርከብ በሰላማዊ ውቅያኖስ ቤከር ከተባለች ደሴት ጋር ተጋጭታ ስትሰበር በሕይወት ተርፈዋል። ከደሴቷ ባነሳቻቸው መርከብ ላይ ምግብ እጅግ አነስተኛ ቢሆንም፣ ዋሽንት የነበረው አንድ መርከበኛ ጨዋታቸውን ስለወደደው ከድርሻው ያካፍላቸው እንደነበር ይነገራል።

እ.ኤ.አ በ1873 በቺካጎ በተራ ፖሊስነት ተቀጠሩ። ሥራ በጀመሩ ብዙም ሳይቆዩ አንድ ሌባ የተኮሰባቸው ጥይት በጀርባቸው ውስጥ እንዳለ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኖረዋል። ደረጃ በደረጃ አድገውም ከ1901 እስከ 1905 የከተማዋን ፖሊስ በጠቅላይ አዛዥነት መርተዋል።

በዚያን ጊዜ ቺካጎ ከልዩ ልዩ የአየርላንድ ግዛቶች የመጡ በርካታ ስደተኞች ይኖሩባት ነበር። እያንዳንዳቸው የየአካባቢያቸውን ዜማ በቃል ይዘው የመጡ በመሆናቸው፣ አንድ አዛውንት ሲሞት የሚያውቀው ዜማ አብሮት ይቀበር ነበር። ኦኔልን ለሥራ ያነሳሳቸው ይኸው ስጋት ነው። ይሁን እንጂ ዜማ በኖታ መጻፍ አይችሉም ነበር። ችግሩን የፈቱት የሥራ ባልደረባቸው በሆነውና ቫዮሊን በሚጫወተው ጄምስ ኦኔል አማካይነት ነው። አዛዡ ዜማውን ሲያሰሙት፣ ጄምስ በኖታ ጽፎ መልሶ በመጫወት ትክክለኛነቱን ያረጋግጥ ነበር።

የዚህ ጥረት ውጤት የሆነው መጽሐፍ እ.ኤ.አ በ1903 ታተመ። መጽሐፉ ከያዛቸው 1,850 ዜማዎች መካከል 75ቱ የዓይነ ስውሩ በገና ደርዳሪ ተርሎ ኦካሮላን ድርሰቶች ናቸው። በ1907 ደግሞ 1,001 የጭፈራ ዜማዎችን የያዘ ሁለተኛ መጽሐፍ አሳተሙ።

በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ግን ከባድ ኀዘን ደርሶባቸዋል። እ.ኤ.አ በ1904 ወንድ ልጃቸው ሮጀርስ በ18 ዓመቱ አረፈ። ከዚያ በኋላ በቤታቸው ሙዚቃ መሰማቱ እንደቀረ ይነገራል። እርሳቸው ግን የማሰባሰቡን ሥራ አላቋረጡም።

በ1931 የግል ቤተ መጻሕፍታቸውን ለኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ያበረከቱት ኦኔል እ.ኤ.አ በጥር ወር 1936 በ87 ዓመታቸው በቺካጎ አርፈዋል። የአየርላንድ ሙዚቀኞች የ1907ቱን ሥራቸውን ለረጅም ዘመን መጽሐፉ እያሉ ብቻ ሲጠሩት ኖረዋል። ከአገር ርቀው፣ በመንግሥት ሥራ ላይ ሆነው ያሰባሰቧቸው ዜማዎችም ወደ ተነሱበት መንደር ተመልሰው ዛሬም በመደመጥ ላይ ይገኛሉ።